የችሎቱን ወይራ ማን ቆረጠው?

ሰው ሊያገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው የሚገጥመው ጣጣ ብዙ ነው። ሚዜ ይጣላል፣ ለድግስ የታሰበው በሬ ይጠፋል፣ አማት ሐሳቧን ትለውጣለች። እኔን የገጠመኝ ግን ዛፍ ነው። አንድ አሮጌ ወይራ ወድቆ በመገኘቱ ከአገሩ ወንድ ሁሉ ጋር ሜዳ ላይ ተዘግቼ ሰነበትኩ። ሊድሩኝ ሽር ጉድ ይሉ የነበሩት ሰዎችም ዞረው ሊያሳስሩኝ ተነሱ። ይኸው ሸምግዬም ነገሩ ትዝ ባለኝ ቁጥር እናደዳለሁ። እናንተም ስታነቡት ብትናደዱ አልፈርድባችሁም።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው፣ ወደ መጨረሻው ግድም። መንደራችን ከመካነ ሰላም ወደ ዓባይ በረሃ ሲኬድ፣ ደጋው ሊያልቅ ሲል ከአፋፉ ላይ ናት። እኔ ሰይድ እባላለሁ፣ የአያ ይመር ልጅ ነኝ። አባቴ በአገሩ የተከበረ፣ ተናግሮ የማይመለስ፣ ከልጁ ጋር እንኳ ሳቅ የማያበዛ ሰው ነበር። ሐዋን ያጨልኝ እሱ ነው። እኔ ያየኋት አንድ ጊዜ ብቻ በከላላ ገበያ፣ ከእናቷ ጋር ጨው ስትገዛ ነው። ዓይን ለዓይን ስንገጣጠም አንገቷን አልደፋችም፤ ያን ወድጄላት ነበር።

ጎጆዬን ሠርቼ ጨርሻለሁ። ግድግዳው ጥድ ነው፣ ማገሩ ክትክታ ነው፣ ምሰሶው ደግሞ ወይራ ነው። ምስጥ የማይደፍረው እንጨት ወይራ ነውና ለምሰሶ ሌላ አልፈለግሁም። የቆረጥኩት ከገደሉ ሥር ካለው የአጎቴ የቆላ መሬት ነው። ከጓደኞቼ ጋር በትከሻ ተሸክመን አቀበቱን ስንወጣው ነፍሳችን ልትወጣ ነበር። ስለዚህ ምሰሶ የማወራችሁ ልኮራበት አይደለም፤ መዘዙ የመጣው በሱ በኩል ስለሆነ ነው።

የችሎቱ ወይራ የምንለው ሌላ ነው። ከቤተ ክርስቲያኑም ከመስጊዱም እኩል የሚርቅ መስክ ላይ ብቻውን የቆመ፣ ወገቡ የጠመመ፣ ሆዱ የተቦረቦረ ሽማግሌ ዛፍ ነበር። ምስለኔው፣ የአገራችን ሹም፣ ችሎት የሚያስችለው ከጥላው ሥር ነው። እስላሙም ክርስቲያኑም አድባር ነው እያለ ያከብረዋል፤ ከሱ እንጨት የወሰደ ሰው በጎ አይገጥመውም ይባላል። መምሬ ተክሌ፣ ቄሳችን፣ የኖኅ ርግብ ይዛ የተመለሰችው የወይራ ቅጠል ነው እያሉ ይሳለሙት ነበር። ሼህ አሊ ደግሞ አላህ በቁርኣን የማለበት ዘይቱን፣ የዓረብ አገሩ ወይራ፣ ዘመዱ ነው ይላሉ። ሁለቱ የማይከራከሩበት ነገር ቢኖር ይኸ ዛፍ ነበር።

አንድ ቀን ንፋስ ሲያናውጥ አደረና ጠዋት ወይራው ተጋድሞ ተገኘ። እኔ እሰየው ብዬ ነበር፤ እውነቴን ነው፣ ለሰርጉ ማገዶ ይሆናል ብዬ። ምስለኔው በበቅሎ መጣና ወርዶ ሥሩን አየ። ልጡ ዙሪያውን ተልጧል፣ ሥሮቹ ተፈልጠዋል፣ በየቦታው የስለት ምልክት አለ።

"ይኸ የንፋስ ሥራ አይደለም" አለ። "ንፋሱ የጣለው ሰው የገደለውን ነው።"

የወረዳው ገዥ ሊጎበኝ መጥቶ ከዚሁ ዛፍ ሥር ሊቀመጥ ቀጠሮ ነበረው። ምስለኔው ለገዥው ምን ብሎ ይንገረው? ጥላ ያጣ ሹም መሆኑ ነው። ስለዚህ አውጫጭ አዘዘ።

ወጣቶች አውጫጭን አታውቁት ይሆናል። ወንጀል ተሠርቶ ወንጀለኛው ሲጠፋ፣ የአገሩ ወንድ ሁሉ ሜዳ ላይ ይሰበሰብና ጥፋተኛው እስኪወጣ ድረስ ወደ ቤት መመለስ አይፈቀድለትም። የተመረጡ ሽማግሌዎች ይምላሉ። ከዚያ እያንዳንዱ ሰው ለብቻው ቀርቦ ይምልና የሰማውን ይነግራቸዋል። ማን እንደነገረው አይጠየቅም፤ "ወፍ ነገረኝ" ይላል፣ በቃ። ጥፋተኛ ከጠፋ ዕዳው የሁሉም ነው። እንግዲህ አስቡት፤ ገብሱ ደርሷል፣ ሰርጉ ደርሷል፣ እኛ ግን ስለ አንድ ጠማማ ዛፍ ወፍ እንጠብቃለን።

ጭቃ ሹሙ ከጉብታው ላይ ሆኖ ለፈፈ፤ ወንድ የተባለ ሁሉ ወጣ። ደረሳው ከነኪታቡ፣ ዲያቆኑ ከነመቋሚያው መጣ። በሽተኛውን እንኳ በቃሬዛ አመጡት። ወንድ አልቀረም። ሴቶቹ ስንቅ ይዘው እስከ መስኩ ጠርዝ ይመጣሉ፣ ሞሰባቸውን ያስቀምጣሉ፣ ባዶውን ይዘው ይመለሳሉ። ሲመጡም ሲመለሱም ያናገራቸው የለም።

ፀሐዩ አናት ይበሳል። ከዚያ ሜዳ ላይ ጥላ የነበረው አንድ ዛፍ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ የተሰበሰብንበት ጉዳይ ነው።

አባቴ ከማሉት ሽማግሌዎች አንዱ ሆኖ ተመረጠ። የመጀመሪያው ቀን ወፍ አልዘፈነም። ሽማግሌዎቹ ግን ሥራ አልፈቱም፤ ስለ ዛፍ ሲያወሩ ዋሉ። ዝግባ ለሳንቃ፣ ዋንዛ ለሙቀጫ፣ ኮሶ ለሆድ ትል፣ ጥድ ለቤት፣ እያሉ በአገሩ ያለውን ዛፍ ሁሉ ከነሙያው ቆጠሩት። ድሮ የት የት እንደነበር፣ ማን እንደጨረሰው፣ የትኛው ሸለቆ ጥቁር ደን እንደነበረ ተረኩ። ከዚያ ወደ ጉቶው ሄደው ቁጢጥ አሉ።

"የመጥረቢያ ምት አይደለም" አሉ መምሬ ተክሌ። "መጥረቢያ አፉ ሰፊ ነው።"

"የቢላ ጭረት ይመስላል" አሉ ሼህ አሊ።

"በቢላ ዛፍ የሚጥል የት አገር አለ?"

"እሱስ ልክ ብለዋል።"

ብለው ተመለሱ። በቃ፣ ምርመራው ይኸ ነበር። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባላል፤ እነሱም ከሥሩ ደርሰው፣ በጣታቸው ነክተውት፣ ትተውት መጡ።

በማግስቱ ወፏ ዘፈነች። ከቀትር በኋላ ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው ሲንሾካሾኩ አባቴ ፊቱን አዞረ። ጭቃ ሹሙ ስሜን ጠራ። መጀመሪያ የመሰለኝ ለሰርጌ ፈቃድ ሊሰጡኝ ነው፤ ጋቢዬን አስተካክዬ ፈገግ እያልኩ ነው የሄድኩት።

"ጎጆ ሠርተሃል አሉ" አለኝ ምስለኔው።

"አዎ ጌታዬ፣ አልሐምዱሊላህ።"

"ምሰሶው ምንድን ነው?"

"ወይራ ነው።"

ሰዉ አጉረመረመ። ያኔ ነው የገባኝ። 

"ከቆላ ነው የቆረጥኩት፣ ከአጎቴ መሬት። ጓደኞቼ አብረውኝ ተሸክመዋል።"

"ጓደኞችህ ያንተን ነገር ይሸከማሉ፤ ምን ይደንቃል?"

"አጎቴን አስጠርታችሁ ጠይቁታ።"

"አጎትህ የዚህ አገር ሰው አይደለም። በዚህ አውጫጭ ቃል የለውም።"

ሁለት ሰው ተልኮ ምሰሶዬን አይቶ መጣ። ወይራ ነው፣ አዲስ ነው አሉ። እኔ ይህንን መቼ ካድኩ?

"ጌታዬ" አልኩ፣ "የችሎቱ ወይራ ጠማማ እንደነበረ ከሥሩ የተቀመጠ ሁሉ ያውቃል። የኔ ምሰሶ ቀጥ ያለ ነው። ጠማማውን በምን አቀናሁት?"

"ጠርበኸው ይሆናል።"

"ሲጠረብ ይቀጥናል እንጅ ይቀናል እንዴ?"

"እንግዲያ ከወፍራም ዛፍ ነው የጠረብከው ማለት ነው። እሱም ወፍራም ነበር።"

"ጌታዬ፣ ዛፉ እኮ ይኸው ተጋድሟል። ግንዱ አልጎደለም።"

"የጎደለውን ከሥሩ ነው የወሰድከው።"

እንዲህ ካለ ሰው ጋር ምን ይባላል? ከሥር ምሰሶ ይወጣል ወይ ብዬ ልጠይቅ አፌን ስከፍት አጠገቤ ያለው ሰው ክርኔን ጎሸመኝ። የጎረቤታችን ልጅ ነው፣ አብሮ አደጌ። "ሰይድ ወንድሜ" አለኝ ቀስ ብሎ፣ "አዎ በላቸውና ሁላችንም ቤታችን እንግባ። ገብሴን ወፍ ጨረሰው።" ይህንን ያለኝ በፍቅር ነው። ያን ያህል ያናደደኝ ቃል በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም።

አባቴን አየሁት። የመስበሐውን መቁጠሪያ ጨሌ በጣቱ ያንከባልላል፤ ዓይኑ መሬት ላይ ነው። ሽማግሌ ሆኖ ስለማለ ለልጁ ማዳላት አይችልም፣ ያን አውቃለሁ። ግን ያን ምሰሶ ስተክለው አብሮኝ ቆሞ ያቀናው እሱ ነው። ከየት እንደመጣ ያውቃል። አንድ ቃል ጠበቅሁ። አልመጣም።

ፍርዱ ለነገ ተባለ። ምሰሶው ይነቀላል፣ እኔ ታስሬ ወደ መካነ ሰላም እሄዳለሁ።

"ሰርጌስ?" አልኩ።

"ሰርግ የትም አይሄድም" አለ ምስለኔው። እኔ ግን ምሰሶ ለሌለው ቤትና ለእስረኛ ሙሽራ ሐዋን የሚሰጥ ሰው እንደሌለ አውቄዋለሁ። እናቷ ባል የሞተባት ናት፤ እንደዚህ ያለ ሐሜት የምትሸከምበት ጫንቃ የላትም።

ጠዋት ስንቅ የሚመጣበት ሰዓት ሲደርስ ሴቶቹ መጡ። ግን ሞሰብ አልያዙም። ደግሞም ከመስኩ ጠርዝ አልቆሙም፤ ዝም ብለው ወደ መካከል ገቡ። ከፊት የምትመራው በጥቁር ሻሽ ከዓይኗ በቀር ፊቷን የሸፈነች፣ እጇ በሒና የቀላ ልጅ ናት። ሙሽራ ከቤት አትወጣም፤ ለሰርጓ ወገቧ እስኪጠነክር ጭስ እየሞቀች፣ ቅባት እየተቀባች ትቀመጣለች እንጅ አደባባይ አትታይም። የሒናውን እጅ ሳይ ልቤ አወቀው። አባቴም አወቀው፤ መስበሐው ከእጁ ወደቀ።

ሐዋ ሸማኔ ድር እንደሚያቋርጥ በሰዉ መካከል ሰንጥቃ አልፋ ከምስለኔው ፊት ቆመች።

"የሰይድ ምሰሶ አይነቀልም" አለች። "ወይራውን የጨረስነው እኛ ነን።"

"እናንተ ማን ናችሁ?"

"ስንቅ ይዘን ስንመጣ የምታዩን ነን።"

ከነጠላዋ ሥር የከሰለ እንጨት አወጣች። ወደ ጉቶው ሄዳ ከተፈለጠው ሥር ላይ ገጠመችው። ያልነደደው ጫፉ ከቁስሉ ጋር ልክክ አለ።

"ይኸ የኔ የሙሽርነት ጭስ ነው" አለች። "እናቴ ናት ያመጣችልኝ።"

እናቷ እትየ ዘሃራ ከኋላዋ አንገቷን ደፍታ ወጣች። "ወላሂ ለልጄ አንድ ፍላጭ ነው የወሰድኩት" አለች። "የአሮጌ ወይራ ጭስ ለሙሽራ ይሻላል ሲሉኝ። አንድ ፍላጭ ምን ያደርገዋል ብዬ።"

ከዚያ ሌላዋ ቀረበች፤ ለእርጎ ቅሏ ማጠኛ ልጡን በቢላ ልጣ ወስዳለች። ሌላዋ ወልዳ ስትነሳ ለአራስነት ጭሷ ወስዳለች። የመምሬ ተክሌ ሚስት ቀርባ የጠላ ጋኗን የምታጥነው በምን እንደሆነ ስትናገር ቄሱ ሰማይ ሰማዩን አዩ። የሼህ አሊም ባለቤት ሳትቀር መጣች። ሁሉም የወሰደችው ትንሽ ነው። ሁሉም የወሰደችው ብቻዋን፣ ሰው ሳያያት ነው፤ አድባር ነውና ጎረቤቷ እንዳታውቅባት። ምሳር የበዛበት ዛፍ ሲባል ስሰማ ነው ያደግሁት፤ እኛ ዘንድ የበዛበት ግን ቢላ ነበር።

ሐዋ ኋላ እንደነገረችኝ፣ በዋዜማው እናቷ ተሸፋፍና ስታለቅስ አገኘቻት። እናትየዋ እውነቱን ነገረቻትና "ብንናገር ሰርግሽ ይፈርሳል" አለቻት። "ሙሽራው ከታሰረ ሰርጉ ምን ይሠራልኛል?" አለች ሐዋ። ከዚያ አንዷን ጎረቤት ልታማክር ሄደች፤ ጎረቤቷም አልቅሳ ኖሯል፣ በራሷ ፍላጭ ምክንያት። እንዲህ እያሉ ከቤት ቤት ሲሄዱ ያልወሰደች ጠፋች። እኛ ያንን ሁሉ ጊዜ ሜዳ ላይ ተዘግተን፣ በመጽሐፍና በቁርኣን እየማልን፣ ወፍ ስንጠብቅ፣ የሚያውቁት ሰዎች በየቀኑ እንጀራ ያቀርቡልን ነበር።

ምስለኔው ግን በቀላሉ የሚረታ ሰው አልነበረም።

"ሴት በአውጫጭ አትቆጠርም" አለ። "ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ ይባላል። ቃላቸውን አልቀበልም።"

ይኸን ጊዜ ከመሬት ተነስቼ ጮኼ ልናገር ነበር፤ ሼህ አሊ ቀደሙኝ።

"ቃላቸው ካልተቆጠረ" አሉ ጢማቸውን እያሻሹ፣ "ጥፋታቸውስ በምን ይቆጠራል? ወንዱ ሁሉ ምሏል፤ አንዱም አልቆረጠም። እንግዲህ ዛፉን ማንም አልቆረጠውም ማለት ነው።"

"ዕዳውማ የአገሩ ሁሉ—"

"ጌታዬ" አለች እትየ ዘሃራ፣ አሁን ድምፅዋ ጠንክሮ። "የባለቤትዎ፣ የእመቤትም የአራስነት ጭስ ከዚሁ ነው። ፈልጬ የወሰድኩላቸው እኔው ነኝ። ተስማምቶኛል ብለው መርቀውኛል።"

ምስለኔው አንዴ ጉቶውን፣ አንዴ እሷን አየ። ሚስቱ በቅርቡ ወልዳ ነበር፤ ከአልጋ ስትነሳ እንዴት እንዳማረባት ራሱ ለሰው ሲያወራ ሰምተነዋል። ፀሐዩ እንደ ልማዱ አናታችንን ይበሳል። የሚስቅ ሰው አልነበረም፤ ለመሳቅም ደክመን ነበር።

"ተበተኑ" አለ በመጨረሻ። በቅሎውን አስመጥቶ ሄደ። ይቅርታ የለ፣ ምን የለ።

አሁን ነገሩ ያለቀ ይመስላችኋል። አላለቀም። ወደ ቤት ስንሄድ አባቴ ከፊት ከፊት ይራመዳል። ወንዙን ስንሻገር ቆመ።

"ይች ልጅ ከቤቴ አትገባም" አለ።

"ምነው አባ?"

"ሒና እጇ ላይ እያለ በወንድ መካከል ቆመች። ነገ በኔ ፊትስ ምን ልትል ነው? ሽማግሌ ልኬ ነገሩን አፈርሳለሁ።"

ለአባቴ መልስ ሰጥቼ አላውቅም ነበር። በዚያ አገር፣ በዚያ ዘመን፣ እንደሱ ላለ አባት መልስ አይሰጥም። የዚያን ዕለት ግን ከውስጤ የተጠራቀመው ሁሉ ገንፍሎ ወጣ።

"አባ" አልኩት፣ "ምሰሶዬን አብረውኝ ተክለዋል። ከየት እንደመጣ ያውቃሉ። ሲወነጅሉኝ መሬት መሬቱን አዩ። ስለማሉ ነው፣ እሺ፤ እኔም አልከስዎትም። ግን ከዚያ ሁሉ ሰው ለኔ አፉን የከፈተ እሷ ብቻ ናት። አፍ አላት ብለው እሷን ካስቀሩብኝ፣ ዝም የሚለኝን ሰው ነው እንዳገባ የሚፈልጉት?"

ጋቢውን አጣፍቶ መንገዱን ቀጠለ፤ ቤት እስክንደርስ ዞሮ አላየኝም። እኔ ያን ሌሊት ሰርጌ እንደፈረሰ ቆጥሬ ነው የተኛሁት። ጠዋት ለሱብሒ ሶላት ስነሳ ከደጅ ቆሞ አገኘሁት። "ኒካሁ በተባለው ቀን ይታሰር" አለና ወደ መስጊድ ሄደ።

ውድ አንባቢዎቼ፣ ከዚያ ወዲህ ብዙ ስብሰባ ተቀምጫለሁ፤ መንግሥትም ተለዋውጧል፣ የሚሰበስበን ሰውም ስሙ ተለዋውጧል። ሰው ተሰብስቦ "አገር ሁሉ እዚህ አለ" ሲል በሰማሁ ቁጥር ዓይኔ ወደ ጠርዙ ይሄዳል፤ ሞሰብ አስቀምጦ የሚመለስ ማን አለ ብዬ። ስለ ዛፉም ቢሆን አስቤበታለሁ። በጥላቻ የቆረጠው የለም። ሁሉም ይወደው ነበር፣ ሁሉም ያከብረው ነበር፣ ሁሉም "የኔ አንድ ፍላጭ ምን ያደርገዋል" ይል ነበር። ጥዱም ዝግባውም ከሸለቆው ያለቀው እንዲሁ ይሆናል፤ ለሱ ግን አውጫጭ የጠራለት የለም። እኔም ጎጆዬን ስሠራ የጥዱን ቁጥር አልጠየቅሁም፤ እንግዲህ ማን ማንን ይከስሳል። ይኸ ሁሉ ዛሬም ያበግነኛል፤ ከመናደድ ሌላ መፍትሔ ግን አልያዝኩላችሁም።

የኒካሁ ቀን ወንዶቹ ከውጭ ተቀመጡ። ሼህ አሊ እንደ ደንቡ ሁለት ምስክር ይዘው ሙሽራዋን ሊጠይቁ ወደ ጓዳው ደጃፍ ሄዱ። መጋረጃው ተጋርዶ ከውጭ ሆነው ይጠይቃሉ፤ ልጅቱ አፍራ ዝም ትላለች፤ ዝምታዋ መፍቀዷ ነው ተብሎ ይወጣል። አያቶቻችንም እናቶቻችንም የተዳሩት እንዲሁ ነው። ሼህ አሊ ጠየቁ፣ ለወጉ ትንሽ ቆዩና ሊወጡ ዞሩ።

"ሼሁ" አለች ሐዋ ከመጋረጃው ኋላ፣ "መልሴን ሳይሰሙ የት ይሄዳሉ?"

"ዝም ካልሽ ፈቅደሻል ማለት ነው፣ ልጄ።"

"ዝም አላልኩም። ሰይድን ፈቅጄዋለሁ። ይህንን ቃሌን ይዘው ይውጡ።"

ሼህ አሊ ወጥተው ቃሏን እንዳለ ለጉባኤው ተናገሩ። ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ፤ እንዲህ ያለ ነገር ሰምቶ የሚያውቅ አልነበረም። ሁሉም ወደ አባቴ አየ። አባቴ ይኸን ጊዜ ቀና ብሎ ነበር የተቀመጠው።

"ሰምተናል" አለ።